የመስሚያ መሣሪያ ስለ ምን ያፏጫል?

የመስሚያ መሣሪያ ያደረገ ሰው ከዘመዱ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳም መሣሪያው አንዳንድ ጊዜ በድንገት ያፏጫል። በዙሪያው ያሉት ዘወር ብለው ያያሉ፤ ባለመሣሪያውም ዐፍሮ ድምፁን ይቀንሳል፥ ወይም አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ፉጨቱ ቀረ፤ መስማቱም አብሮ ቀረ። ስለዚህ ነገሩ የፊዚክስ ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ተገንዝበን ምክንያቱንና መከላከያውን ለመመርመር ተነሣን።

መሣሪያው ድምፅን የሚቀበል ማይክሮፎን፥ የሚያጐላ ማጉያና ወደ ጆሮ የሚያሰማ ድምፅ ማውጫ አለው። ከድምፅ ማውጫው የወጣው ሁሉ ግን ወደ ታምቡሩ አይሄድም፤ ከፊሉ ሾልኮ ወደ ማይክሮፎኑ ይመለሳል። ማጉያው ድምፁን 100 እጥፍ ያጐላል እንበል። የሚመለሰው ከ200 አንድ እጅ ከሆነ ዙሩ በተደጋገመ ቍጥር እየከሰመ ይሄዳል። ከ100 አንድ እጅ ከደረሰና የተመለሰው ሞገድ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ከተነሣ፥ እኩልም ከወደቀ አይከስምም፤ መሣሪያው የሰው ንግግር ማሰማቱን ትቶ የራሱን ድምፅ ያዜማል። እንዲህ ያለ ዙር መቼ እንደሚጸና፥ መቼ እንደሚናወጥ ሃሪ ናይኩዊስት በ1932 እ.ኤ.አ. በሒሳብ አስረድቷል። የሳሚው ጉንጭም ሾልኮ የወጣውን ድምፅ እንደ ግድግዳ ስለሚመልሰው፥ ከ200 አንድ የነበረውን ከ100 አንድ ሊያደርሰው ይችላል።

ፉጨቱ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው በሴኮንድ ከ2,000 ንዝረት በላይ ነው። በዚያ ክልል ማጉያውን ዝቅ ማድረግ ቀላል መድኀኒት ይመስላል። ነገር ግን «ሰ»ን ከ«ተ»፥ «ተ»ን ከ«ከ» ለመለየት የሚረዳን ድምፅ አብዛኛው ከዚያው ነውና፥ እኛ ይህን መንገድ አንወደውም።

በፊት መታየት ያለበት በጆሮ ልክ የሚቀረጸው ውታፍ ነው። በደንብ ከገጠመ መሹለኪያውን ይዘጋል፤ የልጅ ጆሮ ስለሚያድግ ግን አምና የገጠመው ዘንድሮ ይላላል። ፈጽሞ መዝጋትም ጣጣ አለው፤ የራስ ድምፅ ከጋን ውስጥ እንደሚናገሩ ሆኖ ይሰማል። ለዚህ ሲባል ትንሽ ቀዳዳ ይተውለታል፤ በዚያችም ቀዳዳ ድምፅ ይሾልካል።

የዛሬ መሣሪያዎች ሌላ ዘዴ ጨምረዋል። በውስጣቸው ያለው አነስተኛ ኮምፒዩተር ሾልኮ የሚመለሰውን ድምፅ ይገምትና ከማይክሮፎኑ ከመጣው ላይ ይቀንሰዋል፤ መንገዱ ሲለወጥም ግምቱን ያርማል። የብዙዎቹ የእርማት ስሌት መሠረቱ ዊድሮውና ሆፍ በ1960 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። ዘዴው ለንግግር መልካም ነው፤ ችግሩ ዋሽንት ላይ ነው። ረዥም ተይዞ የሚቆይ የዋሽንት ድምፅ ፉጨት ስለሚመስል፥ መሣሪያው ተሳስቶ ዜማውን ሊቀንሰው ወይም ያልነበረ ድምፅ ሊጨምርበት ይችላል። አንዳንድ መሣሪያዎች ለሙዚቃ ጊዜ እርማቱን የሚያዘገይ ማስተካከያ አላቸው፤ እርማቱ ሲዘገይ ግን በሰላምታ ጊዜ የተነሣው ፉጨት ቶሎ አይጠፋም።