ፕሮግራመሩ ኦቨርታይም የማይከፈለው ለምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ሠራተኛ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ከሠራ ለትርፉ የሰዓት ክፍያው አንድ ተኩል እጥፍ ይታሰብለታል። የዚህ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1938 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የፈረሙት የሥራ ሕግ ነው። ሶፍትዌር የሚሠራው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውጭ ነው፤ ኮድ ሲያርም ቢያድርም ደመወዙ ያው ነው።

ሕጉ ሲወጣ ፕሮግራመር የሚባል ሙያ አልነበረም። ኦቨርታይም አይገባቸውም የተባሉት ሥራ አስኪያጆችና እንደ ሐኪም ያሉ ባለሙያዎች ነበሩ፤ ሥራቸውን በራሳቸው ውሳኔ ስለሚመሩ በሰዓት አይለካም በሚል። በ1990 ኮንግረስ የኮምፒውተር ባለሙያውንም ጨመረበት፤ በሰዓት የሚከፈለው ከሆነ ግን ክፍያው ከዝቅተኛው የደመወዝ ወለል ከስድስት ተኩል እጥፍ በላይ መሆን ነበረበት። በ1996 ወለሉ ሲነሣ ያ ስሌት ተሽሮ ቁርጥ ያለ ቁጥር ተተካ፦ 27 ዶላር ከ63 ሳንቲም። እስካሁን ንቅንቅ አላለም። የፌዴራሉ ወለል ዛሬ 7 ዶላር ከ25 ስለሆነ በድሮው ስሌት 47 ዶላር ባለፈ ነበር። ስለዚህ በሰዓት 30 ዶላር የሚከፈለው የኮንትራት ፕሮግራመር 60 ሰዓት ቢሠራ፣ በፌዴራሉ ሕግ ለትርፉ 20 ሰዓት የሚያገኘው ያንኑ 30 ነው። በሳምንት 300 ዶላር ቀረበት ማለት ነው።

ጉዳዩን አደባባይ ያወጣችው በኅዳር 2004 ስሟን ሳትገልጽ ኢንተርኔት ላይ የጻፈች ሴት ናት፤ እጮኛዋ የጌም አምራቹ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ሠራተኛ ነበር። የሥራ ሰዓቱ መጀመሪያ በቀን ስምንት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለት ሆነ፤ በመጨረሻ አብዛኛውን ጊዜ ሰባቱንም ቀን ከጠዋቱ ሦስት እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት። በአማካይ በሳምንት 85 ሰዓት መሆኑ ነው። ሕጉ ባለሙያው በጊዜው ራሱ ያዛል ብሎ ገምቷል፤ እዚህ ግን መግቢያና መውጫውን የሚወስነው አለቃው ነው። ኩባንያው በኦቨርታይም ክስም ነበረበት። በ2005 ለግራፊክስ ሠራተኞቹ 15.6 ሚሊዮን፣ በዓመቱ ደግሞ ለፕሮግራመሮቹ 14.9 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከግራፊክስ ሠራተኞቹ ጀማሪዎቹ ኦቨርታይም ቢፈቀድላቸውም ቦነስና የአክሲዮን ዕድል ቀረባቸው። በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መውሰድ!

አለቆች ሰው ከመጨመር ሰዓት መጨመር የሚቀናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቀድሞ አይቢኤም ይሠራ የነበረው ፍሬድ ብሩክስ በ1975 እንዳስረዳው፣ የዘገየ ሶፍትዌር ላይ አዲስ ሰው ሲጨመርበት ይብስ ይዘገያል፤ አዲሱን የሚያስተምረው ሥራውን የሚያውቀው ሰው ነውና ሁለቱም ይቆማሉ። ያለውን ሰው ማስመሸት ታዲያ ቀላሉ መንገድ ይመስላል። ግን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ዐይን እየፈዘዘ የተጻፈ ኮድ የነገውን ግማሽ ቀን በስህተት ፍለጋ ይበላል። ሰዓቱ ሲጨመር ስህተቱም መብዛቱን ያቺው ሴት ጽፋለች። እኔ የሚገርመኝ ሐሳብ በሰዓት አይለካም ተብሎ ክፍያ የተነፈገው ሰው፣ ትጋቱ ሲመዘን ስንት ሰዓት ቢሮ ቆየ መባሉ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ከሄልፕ ዴስክ ጀምሮ አይቲ ውስጥ የገባው ሐበሻ ጥቂት አይደለም። ለእሱ ደግሞ ነገሩ ይለያል። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ በ2006 በሰጠው አስተያየት፣ ኮምፒውተር መጠገንና የተጠቃሚን ችግር መፍታት ኦቨርታይም አያስቀርም። የሚታየው ሰውየው የሚሠራው እንጂ ባጁ ላይ የተጻፈው ማዕረግ አይደለም። ያልተከፈለውን ለመጠየቅ በፌዴራል ሕግ ሁለት ዓመት አለው፤ አሠሪው ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ ሦስት።