ለስልክ አፕሊኬሽን የቁጠባ ምልክት ለምን ያስፈልጋል?

የታሸገ ምግብ ስንገዛ የሐላል ምልክት እንፈልጋለን። ሲዘጋጅ በዓይናችን ስላላየን፣ መርምሮ የሚመሰክርልን አካል ያስፈልገናል። ስልካችን ላይ የምንጭነው አፕሊኬሽንስ? ባትሪና ዳታ እንደማያባክን፣ ስልካችንንም ያለ ዕድሜው እንደማያስጥለን የሚመሰክርልን ማን ነው?

ለምሳሌ ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. ከሜይ 2025 ጀምሮ በአይፎን 5ኤስ፣ 6 እና 6 ፕላስ ላይ መሥራት አቁሟል። ስልኩ አልተሰበረም፤ ግን ከቤተሰብ ጋር አያገናኝም። ሻሸመኔ ውስጥ ያገለገለ ስልክ ገዝቶ ለዓመታት ሊጠቀምበት ላሰበ ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

ጀርመን ለዚህ ጥያቄ መልስ ጀምራለች። «ሰማያዊው መልአክ» የተሰኘው የአካባቢ ጥበቃ ምልክቷ ከ1978 ጀምሮ በተለያዩ ምርቶች ላይ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2020 ለሶፍትዌርም መስፈርት ወጣለት። መስፈርቱ ሦስት ነገሮችን ያያል። አንደኛ፣ ሶፍትዌሩ የተለመደ ሥራ ሲሠራ የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ተለክቶ ይፋ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ቢያንስ አምስት ዓመት በሆነው ኮምፒውተር ላይ መሥራት አለበት። ሦስተኛ፣ ተጠቃሚው ያለ ማስታወቂያ ሊገለገልበት፣ ሲፈልግም ሙሉ በሙሉ ሊያጠፋው መቻል አለበት። በ2022 ምልክቱን በመጀመሪያ ያገኘው ኦኩላር የተባለው ነፃ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ነው።

የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ ለእኛ ትልቁ ጥቅም ሁለተኛው ነጥብ ላይ ነው፤ ዕቃው ቶሎ አይጣልም። በ2022 ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አመንጭታለች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ብቻ ነው።

የሶላት ሰዓት የሚያሳዩ አፕሊኬሽኖችን እንውሰድ። የሶላት ወቅት ከቀኑና ከቦታው ተነስቶ በፀሐይ አቀማመጥ ይሰላል። ስሌቱን ርካሽ ስልክም ያለ ኢንተርኔት ይሠራዋል። ሆኖም ማስታወቂያ የሚያወርድና ቀኑን ሙሉ አድራሻችንን የሚከታተል አፕሊኬሽን ለዚያው አገልግሎት ባትሪያችንንና ዳታችንን ይጨርሳል። ኢስራፍ በውዱእ ውኃ ብቻ የሚታይ አይደለም።

ስለዚህ ከመጫናችን በፊት እንጠይቅ፦ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል? በአሮጌ ስልክ ይሠራል? ያለ ማስታወቂያስ? አፕሊኬሽን የምትሠሩ ወጣቶችም መልሱን በመግለጫችሁ ላይ በግልጽ ጻፉልን። ምልክቱ እስኪመጣ ድረስ ይህ ራሱ ምስክርነት ነው።