ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

ከስታዲየም ተነሥቶ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ላይ መሿለኪያ፣ ሪቼና ጠመንጃ ያዥ ታልፈው የሚገኘው ላንቻ ስሙን ያገኘው ከጣሊያኑ የመኪና ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1906 በቶሪኖ ከተማ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙ እኛ ዘንድ የሰፈር ስም ሆኖ ቀርቷል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ለአንዱ ፌርማታ ይህንኑ ስም ሰጥቶታል። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የምንላቸውም ቃላት ከዚያው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ቃላቱን ሁላችንም እንናገራቸዋለን። ጋራዥ በር ላይ ስንደርስ ግን ትርጉማቸው ለመካኒኩ ብቻ የተሰጠ ይመስል፣ «ካምቢዮው መውረድ አለበት» ስንባል ከመክፈል ሌላ ምርጫ የሌለን ይመስለናል።

ጉዳዩ ዛሬ ቀላል አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። የኤሌክትሪክ መኪና በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በየደጃችን የቆሙት ኮሮላና ቮልስዋገን፣ ላዳና ፔጆ ግን ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሱንም፣ ገበያ መመለሱንም ገና ብዙ ዘመን ይጠበቅባቸዋል።

ፍሪሲዮን በሞተሩና በካምቢዮው መካከል የተቀመጠ መያዣና መልቀቂያ ነው። እግር ከመርገጫው ሲነሣ ሸራው ከሞተሩ ጋር ከሚሽከረከረው ከባድ ብረት ላይ ተጣብቆ ኃይሉን ወደ ካምቢዮው ያስተላልፋል፤ ሲረገጥ ደግሞ ይላቀቃል። እንግዲህ ሕመሙም ሁለት ዓይነት መሆኑ ነው፦ አለመያዝና አለመልቀቅ። ሦስተኛው የካምቢዮው የራሱ ሕመም ነው። የቤተሰብ ገንዘብ በብዛት የሚባክነው አልለቅ ያለ ፍሪሲዮን በካምቢዮ ስም ሲታከም ነው።

እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች የምታከፋፍል አንዲት እናት እናስብ። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ እንጀራዋን ጭና ሞተሩን አስነሥታ ከግቢ ለመውጣት ኋላ ማርሽ ስታስገባ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ይሰማል፤ አንደኛ ማርሽም አልገባ ይላታል። መካኒኩ መጥቶ፣ «እትዬ፣ የካምቢዮው ጥርስ ተበልቷል» ቢላት፣ «ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ሞተሩን አጥፍተን እንሞክረው» ማለት ትችላለች። ይህ ሙከራ መሣሪያም ገንዘብም አይጠይቅም። የእጅ ፍሬን ይያዝና፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሪሲዮን ተረግጦ፣ ማርሾቹ በየተራ ይገባሉ። ሞተሩ ሲጠፋ ሁሉም በልስላሴ ገብተው ሲነሣ ብቻ የሚያስቸግሩ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሪሲዮኑ ነው፤ አልለቀቀም ማለት ነው። ሞተሩ ጠፍቶም እንቢ ካሉ ግን ነገሩ ከማርሽ ዱላው፣ ዱላውን ከካምቢዮው ከሚያያይዙት ዘንጎች፣ ወይም ከራሱ ከካምቢዮው ነው።

ፍሪሲዮኑ የማይለቀው ለምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሞ ወለሉ ይታይ። የተጣጠፈ ምንጣፍ ወይም ከኋላ ወንበር ተንሸራቶ የመጣ የሕፃን ጫማ መርገጫውን እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ሊያግደው ይችላል። ለዚህ ደግሞ መካኒክ አያስፈልግም።

ቀጥሎ መርገጫውን ሦስት አራት ጊዜ ደጋግሞ መርገጥ ነው። ማርሹ ያን ጊዜ ከገባ፣ ኃይሉን የሚያስተላልፈው ዘይት ጎድሏል ወይም አየር ገብቶበታል። በላዳና በሌሎችም ብዙ መኪኖች የእግር ግፊት ከላይኛው ፖምፓ ወደ ታችኛው የሚሄደው በፍሬን ዘይት ነው። ከመርገጫው በስተጀርባ ያለው ግድግዳ በእጅ ሲዳሰስ ከረጠበ ላይኛው ፖምፓ፣ ካምቢዮው አጠገብ ከረጠበ ታችኛው ያፈሳል። መድኃኒቱም አብዛኛውን ጊዜ ጎሚኒ ወይም ፖምፓ መለወጥና አየሩን ማስወጣት ስለሆነ ካምቢዮ ማውረድ አይጠይቅም። በአንዳንድ መኪና ፍሪሲዮንና ፍሬን ከአንድ ዕቃ ዘይት ስለሚቀዱ ዘይቱ ከጎደለ ሳይጠገን መንዳት አደጋ ነው። የጎደለውን በሞተር ዘይት ወይም በውሃ መሙላት ደግሞ ጎሚኒዎቹን ሁሉ ማበላሸት ነው። የፍሬን ዘይት መርዝ በመሆኑ ትርፉ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ተቀድቶ ቤት ውስጥ አይቀመጥ።

ቮልስዋገን ቢትል ለፍሪሲዮኑ ዘይት የለውም፤ በካቦ ይሠራል። ካቦው ሲረዝም ፍሪሲዮኑ አይለቅም፤ ከመጠን በላይ ሲጠበቅ ደግሞ አይዝም። መርገጫው በጣት ሲጫኑት ክብደት ከመሰማቱ በፊት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶውን መሄድ ይገባዋል። ይህን ማስተካከል በካቦው ጫፍ ያለውን ብሎን የማዞር ጉዳይ ነው።

አለመያዝ ሌላ ነው። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይፈጥንም፤ የተቃጠለ ነገርም ይሸታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ አሮጌ ሞተር እዚህ የኃይሉን ሩብ ያህል ያጣል። ነጂውም ለዳገት መነሻ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይይዛል፤ ሸራውን የሚበላው ይኸው ነው። (በትምህርት ቤት በር ሰልፍ ላይ መኪናን በእጅ ፍሬን ፈንታ በፍሪሲዮን አቁሞ መጨዋወትም እንዲሁ።) ለመፈተን ፊት ለፊት ሰው በሌለበት ሜዳ የእጅ ፍሬን ጠበቅ ተደርጎ፣ ሞተሩ ተነሥቶ፣ በአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቃል። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ይዟል። መሥራቱን ከቀጠለ ሸራው አልቋል፣ ዘይት ነክቶታል፣ ወይም መርገጫው ያ ባዶ ጉዞ ጠፍቶበታል። ሙከራው ራሱ ሸራ ስለሚያቃጥል ከአንድ ጊዜ በላይ አይደረግ።

የካምቢዮው በሽታ በሌላ ምልክት ይታወቃል። ሌሎቹ ሁሉ ደኅና ሆነው ሁለተኛው ብቻ ቢፋጭ፣ ወይም ቁልቁለት ላይ ማርሹ ራሱ ተስፈንጥሮ ቢወጣ ጥርጣሬው ወደ ካምቢዮው ያመራል። ድምፅም ይመሰክራል፦ መርገጫው ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ጩኸት በአብዛኛው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው፤ በዜሮ ማርሽ እየተሰማ ሲረገጥ የሚጠፋ ደግሞ ካምቢዮው ውስጥ ያለ ኩሽኔታ ነው። ዱላው እንደ ማማሰያ ከዋለለ ጥፋቱ መገጣጠሚያው ላይ ያለች ትንሽ ጎማ ብቻ ልትሆን ትችላለችና እርሷ ትታይ። ኋላ ማርሽ ግን በብዙ አሮጌ መኪኖች ጤነኛም ሆኖ ይጮሃል፤ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ሦስት ያህል ሰኮንድ ጠብቆ ማስገባት ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ ካምቢዮው መውረዱ ግድ ከሆነ፣ ወጪው ያለው ከዕቃው ይልቅ ማውረድና መስቀሉ ላይ ሊሆን ስለሚችል፣ ሸራውን፣ የሚጫነውን ሳህንና ኩሽኔታውን ባንድ ጊዜ መለወጥ ይሻላል። ዘይት የሚያፈስ ጎሚኒ ካለም አብሮ ይለወጥ፤ አለበለዚያ አዲሱም ሸራ ይነከራል። ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ተነጋግረው ይቁረጡ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ይጠይቁ። ጠርዙ ያልተበላ፣ ዘይት ያልነካው ሸራ ከተሰጠዎት «ታዲያ ይህ ለምን ወጣ?» ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

መንገድ መካከል መርገጫው በድንገት ወለል ላይ ቢቀር ሞተሩን አጥፍቶ አንደኛ ማርሽ ማስገባትና ቁልፉን ማዞር ይቻላል። አሮጌ መኪና በማስነሻ ሞተሩ ኃይል እየተንገጫገጨ ወደ ፊት ይሄዳል። ይህም ከፊት ሰው አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ ከመኪኖች መተላለፊያ ወደ ዳር ለመውጣት ብቻ ነው፤ እስከ ጋራዥ ለመድረስ አይሞከርም።