ጠባሳ ሥር የሚያድግ እብጠት

በሴት ብልት ውጫዊ ክፍል ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ እንዳይነገራት ፈርታ ሕመሟን ሸፍና የምትኖር እናት ስለምታሳስበኝ ነው።

በሰሜን ሸዋ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ብርሃን፣ ይህ ጉዳይ ሲነሣ ግርዛትን መዝለል አይቻልም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 62 በመቶ ያህሉ መገረዛቸውን አሳይቷል፤ አብዛኞቹም በልጅነታቸው። ምላጩ ሲቆርጥ ጥቂት የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ቁስሉ ውስጥ ተቀብረው ሊቀሩ ይችላሉ። ቁስሉ ይሽራል፤ ሕዋሳቱ ግን ሥራቸውን አይተዉም። ቆዳ ያረጀ ንጣፉን ዘወትር ያራግፋል፤ የተቀበረውም ያራግፋል፣ መውጫ ግን የለውም። አይብ የመሰለ ነጭ ነገር በከረጢት ውስጥ እየተጠራቀመ፣ አንዳንዴ ልጅቷ አድጋ ካገባች በኋላ፣ የእንቁላል ያህል እብጠት ይሆናል። ካልመረቀዘ ብዙ አያምም፤ መቀመጥና መራመድ ግን ያስቸግራል፤ ከባል ጋር መተኛትንም ጭንቅ ያደርገዋል። መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ከረጢቱ ተጠርጎ ካልወጣ ተመልሶ ይሞላል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ግርዛትን ከልክሏል። ከዚያ በፊት ከተገረዙት ብዙዎቹ ግን ዛሬ እናቶችና አያቶች ናቸው።

በብልት መግቢያ ግራና ቀኝ ያሉት የባርቶሊን ዕጢዎችም ቧንቧቸው ሲደፈን ያብጣሉ። ከ40 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የወጣ ከሆነ ግን መመርመር አለበት። የብልት ኪንታሮት በአብዛኛው ኤች ፒ ቪ ከተባለው ቫይረስ ዝርያዎች ከ6 እና 11 ይመጣል፤ እነዚህ ካንሰር የሚያመጡት እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

የዚህ አካል ካንሰር በሁለት መንገድ ይመጣል። አንዱ ኤች ፒ ቪ 16 ነው፤ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው ክትባት ይህን መንገድ ይዘጋል። ሁለተኛውን ግን አይነካም። እሱ የሚነሣው ላይከን ስክለሮሰስ ከተባለ የቆዳ ሕመም ነው፦ ቆዳው ይነጣል፣ ይሳሳል፣ በተለይ ሌሊት ክፉኛ ያሳክካል። በየጊዜው እየታየ በቅባት ከታከመ አብዛኞቹ ሴቶች ካንሰር አይዛቸውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው፤ ማሳከክን እንደ በሽታ የሚቆጥር የለምና አያቶቻችን ለዓመታት ችለውት ይኖራሉ። ፃድቃኔ ማርያም ጠበል የምትገባ እናት ጠበሏን ሳትተው መታየት ትችላለች። የማይሽር ቁስል፣ የሚደማ ወይም የሚጠነክር እብጠት፣ ቀለሙን የለወጠ ቆዳ ለአዋላጇ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሊነገር ይገባል።

በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ያዳግታል። ቦታው በመርፌ ደንዝዞ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል፤ ቁርጡ የሚታወቀው ናሙናው በፓቶሎጂ ሲመረመር ነው። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚዛመተው ወደ ብሽሽት ንፍፊቶች ነው። እዚያ ሳይደርስ ከተገኘ ብዙዎቹ በቀዶ ሕክምና ይድናሉ። ከደረሰ ጨረር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ጨረር ደግሞ ለብዙ ዓመታት በአገራችን የሚሰጠው ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር።