ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ዝምታ



ስትሮክ ይዟቸው ከሆስፒታል የተመለሱ አባት ወይም እናት ቤታችሁ ካሉ ይህን አንብቡልን። እጅና እግራቸው እየተሻለው ሳለ ምግብ እንቢ ካሉ፣ ሌሊቱን ዐይናቸው ካልተከደነ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ካዞሩ «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት። ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ገደማ የድብርት ሕመም ያገኘዋል። የሰብር ማነስ አይደለም፤ ጂንም አይደለም። ዱዓውና ቁርኣኑ ይቀጥል፣ ሕክምናውን ግን አያስቀር።

ነገሩ ከራሱ ከአንጎል ይጀምራል። ደም ሲቋረጥበት የተወሰነው ክፍል ይሞታል። ያኔ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የአንጎል ዘበኞች ይነቃሉ፤ ከደም ውስጥም ነጭ የደም ሕዋሳት ለእርዳታ ይገባሉ። የሞተውን ጠርገው ስለሚያወጡ ሥራቸው ጠቃሚ ነው። ችግሩ ቁጣው ሳይበርድ ሲቀር ነው። የሚረጩት ሳይቶካይን የተባለ ኬሚካል ሲበዛ፣ ስሜታችንን ከሚያረጋጉት አንዱ የሆነው ሴሮቶኒን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ወደ ሌላ መንገድ ይሄዳል፤ የአንጎል ማሳደጊያውም ይቀንሳል።

ማሳደጊያ ያልነው በምህጻሩ ቢዲኤንኤፍ የሚባለውን ነው። ኢቭ አላን ባርድና ባልደረቦቻቸው በ1982 እ.ኤ.አ. ከእንስሳ አንጎል ለይተው ያወጡት ፕሮቲን ሲሆን፣ ለነርቭ እንደ ማዳበሪያ ነው፤ የተጎዳው ነርቭ አዲስ ቅርንጫፍ እንዲያወጣ ያግዛል። በደማቸው ውስጥ ይህ ያነሰባቸው ሕሙማን በድብርት የሚያዙበት አጋጣሚ እንደሚበዛ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ሆኖም ድብርትን የሚለይ የደም ምርመራ ገና የለም፤ ሐኪሙ የሚያውቀው ከእናንተ ጠይቆ ነው። አንደበታቸው ለተያዘ ሕሙማንማ ምስክሩ ቤተሰብ ብቻ ነው።

ቢዲኤንኤፍን ከሚጨምሩት ነገሮች አንዱ እንቅስቃሴ ነው። የጀጎል መተላለፊያ ጠባብና ዳገታማ ስለሆነ በሽተኛው ቀኑን ሙሉ ነደባው ላይ ይቀራል። ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው 82 መስጊዶች የቆጠረበት ከተማ ነውና አንዱ ከደጃችሁ አይርቅም። ሐኪሙ ከፈቀደ ደግፋችሁ ውሰዷቸው።

ስለ ጫት ሳንናገር ብናልፍ ሐረርን አናውቃትም ማለት ነው። ጫት የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣውን ዱካክ ደግሞ የቀመሰ ያውቀዋል። «ይጫወቱ» ብሎ በርጫ ላይ ማስቀመጥ ደግነት አይደለም።

መድኃኒቱን በተመለከተ፦ ፍሉኦክሰቲን ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይፈልጋል፤ በአምስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አታቋርጡ። ከአስፕሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የመድማት ዕድልን ስለሚጨምር ለሐኪሙ ንገሩ። ደግሞም ድብርት ለሌለው የስትሮክ ሕመምተኛ «ጉልበት ይመልሳል» ተብሎ አይሰጥ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው የብሪታንያ ጥናት ከ3,000 በላይ ሕሙማን ላይ ሞክሮ ጉልበት እንዳልመለሰ፣ የአጥንት ስብራትን ግን እንዳበዛ አሳይቷል። አሚትሪፕቲሊን ርካሽ ነው፤ ግን ልብ ላለበትና ለሚወድቅ ሽማግሌ እኔ አልወደውም። በረመዳን ሐኪሙ ጹሙ ካላቸው በቀን አንዴ የሚወሰደው በሱሑር ይሆናል። የግፊቱ ክኒን በምንም ምክንያት አይቋረጥ፤ የተደበረ ሰው ግን መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው፣ ሁለተኛው ስትሮክም በዚያ በኩል ይመጣል።

ወደ ጀጎል ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። «ሞት ይሻለኛል» የሚል ቃል ከሰማችሁ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ክኒኑን ቆልፉበት፣ በዚያው ቀን ውሰዷቸው።