ሜዳ ሲያንስ የሊግ መርሐ ግብር እንዴት ይወጣል?

የሊግ መርሐ ግብር፣ ማለትም ማን ከማን፣ መቼና የት እንደሚጫወት የሚወስነው ሰነድ፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት በዕጣ ብቻ የሚወጣ ሳይሆን አስቀድሞ በሜዳ ብዛት የሚገደብ ነው። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በዲኤስቲቪ ቀጥታ መተላለፍ ሲጀምር፣ ክለቦች በየከተማቸው የሚያስተናግዱበት ሥርዓት ቀርቶ፣ ውድድሩ በሙሉ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ በየተራ ተዘዋወረ። በዚያ ዓመት እንደነበረው 13 ክለቦች በአንድ ሜዳ ሲገናኙ በየዙሩ አንዱ አርፎ 6 ጨዋታዎች ይደረጋሉ፤ በቀን ሁለት ቢደረጉ እንኳ ሦስት ቀን ስለሚፈጁ፣ ሣሩ ሳያገግም ቀጣዩ ዙር ይደርሳል፤ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ሜዳው ጭቃ ይሆናል።

የሜዳ እጥረቱ ብሔራዊ ቡድኑንም ነክቷል፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የባሕር ዳር ስታዲየምን ካገደ በኋላ፣ ቡድኑ «በሜዳው» የሚባለውን ጨዋታ በባዕድ አገር ለማድረግ ተገዶ፣ በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነበር፤ ድሉ ቢያኮራም አድራሻው ያሳፍራል።

በቦሌ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረውና 62 ሺህ ያህል ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአደይ አበባ ስታዲየም ይህን ስደት ሊያስቀር ይችላል፤ የሊጉን መጨናነቅ የሚያቃልሉት ግን መብራትና የውኃ ማፋሰሻ ያላቸው በርካታ መካከለኛ ሜዳዎች ናቸው።