ዶላሩ አለ፣ ካርዱ ግን እምቢ አለ

ባንኮክ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። አባታችን ከሆስፒታሉ ገንዘብ መቀበያ መስኮት ፊት በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠዋል። እኔ ካርዱን ለሦስተኛ ጊዜ ለልጅቷ አቀበልኳት። ለጀርባ አጥንት ቀዶ ሕክምናው በቅድሚያ የጠየቁን መያዣ ወደ ዶላር ሲመታ 4,500 ገደማ ነው። ካርዱ ላይ የተሞላው ደግሞ 6,000 ዶላር። ማሽኑ ሦስቴም አልቀበልም አለ።

«ምን ሆነ ይላሉ ልጄ?» አሉኝ።

«ኔትወርክ ነው አባባ» አልኳቸው። ውሸቴን ነበር።

ያ ገንዘብ የአንድ ሰው አይደለም። ነፋስ መውጫ ያለው አጎቴ ሁለት ሰንጋ ሸጧል። እስቴ መካነ ኢየሱስ ያለችው አክስቴ የዕቁብ ዕጣዋን ለምና ቀድማ ወስዳለች። ከስማዳ፣ ከወገዳ፣ የአባታችን የክርስትና ልጅ የእህል ሽያጩን ልኳል። የጎደለውን አዲስ አበባ ያለነው ልጆች ሞላን። ይህ ሁሉ ላብ በአንዲት ካርድ ላይ ሲጫን እኔ ባንኩን የጠየቅሁት ጥያቄ «ቪዛ ነው ወይስ ማስተርካርድ?» የሚል ብቻ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ የሰው ዓይን በአርማና በቀለም እንደሚያዝ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረብኝ።

ችግሩ የቀን ገደብ ነበር። ካርዱ በአንድ ቀን ከ2,000 ዶላር በላይ አይከፍልም። ስልክ ስደውል የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ ገደቡን ከፍ ማድረግ የሚችለው የካርድ ክፍሉ እንደሆነ ነገረኝ። የካርድ ክፍሉ ሰዎች ደግሞ ተኝተዋል፤ ባንኮክ በአራት ሰዓት ስለምትቀድም አዲስ አበባ ገና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ባንኩ በሁለት ሰዓት እስኪከፍት፣ ማለትም እዚያ እስከ ቀትር ድረስ፣ ታማሚ ይዘን ኮሪደር ላይ ቆየን።

በተለምዶ ክሬዲት ካርድ እንበለው እንጂ የአገራችን ባንኮች ለመንገደኛ የሚሰጡት በአብዛኛው የቅድመ ክፍያ ወይም የዴቢት ካርድ ነው። ክሬዲት ካርድ ብድር ነው፤ ዛሬ ይገዙበታል፣ በወሩ መጨረሻ ይከፍላሉ። የእኛው ግን ቀድመው የሞሉትን ያህል ብቻ ይሠራል። ልዩነቱ የሚታወቀው ሆቴል ሲገቡ ነው። ሆቴሉ «ለማንኛውም» ብሎ መያዣ ያግዳል። ባለ ክሬዲት ካርዱ የታገደበት ብድር የመውሰድ አቅሙ ነው፤ የእኛ የታገደው እውነተኛ ገንዘባችን ነው። ከሆቴሉ ከወጡም በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ብዙ የመኪና አከራዮችማ የቅድመ ክፍያ ካርድ ጭራሽ አይቀበሉም። በብር ሂሳብ የሚሠራው፣ በኢትስዊች መስመር ብቻ የሚንቀሳቀሰው የዕለት ተዕለት ካርዳችን ደግሞ ከቦሌ ማዶ ፕላስቲክ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ መንገደኛ ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይዞ ባንክ መጠየቅ ቀለለው፤ ለሕክምና የሚሄድ የሕክምና ማስረጃውን ይጨምራል። ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ስለዚህ «ሦስት በመቶ ብቻ» የሚባል ኮሚሽን ቀላል አይደለም። ከ6,000 ዶላር ላይ ሦስት በመቶ 180 ዶላር ነው፤ በብር ከ18,000 በላይ። ባንክዎን ካርዱ የሚሞላበትን የዕለቱን የመሸጫ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ኮሚሽኑን፣ የካርዱን ማውጫና ውጭ አገር ሲጠቀሙ የሚቆረጠውን ደምረው ይጠይቁ። ሁለት ባንኮች የሚበላለጡት በአብዛኛው በዚህ ድምር ነው።

የካርዱ ዓይነትም ቢሆን ትርጉም የለውም ማለት አይደለም። ለምሳሌ ዳሸን ባንክ አሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ ይሰጣል። በትልልቅ ሆቴሎችና አየር መንገዶች ያስከብራል፤ በትንንሽ ሱቆች ግን እንደ ቪዛና ማስተርካርድ በሁሉም ቦታ አይቀበሉትም። በቪዛና በማስተርካርድ መካከል ግን ለመንገደኛ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላየሁም።

ከሁሉ በላይ ያስገረመኝ ኤቲኤሙ ነው። ባንኮክ ውስጥ በውጭ ካርድ ገንዘብ ባወጡ ቁጥር ማሽኑ ከ200 ባት በላይ የራሱን ክፍያ ይቆርጣል። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማውጣት ኪሳራ ነው። ከዚያ ማሽኑ በጣም ትሁት ሆኖ ይጠይቃል፦ «በዶላር አስልቼ ልቁረጥልዎ ወይስ በባት?» የለመድነውን ዶላርን ስናይ ደስ ይለናል። እሺ ካሉት የሚያሰላው ባለማሽኑ ባንክ ራሱ በሚያወጣው ዋጋ ነው፤ ያ ዋጋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለእርስዎ የከፋ ነው። በሱቅም በሆቴልም ይህንኑ ይጠይቃሉ። ሁልጊዜ የአገሩን ገንዘብ ይምረጡ። እኔ ይህን ያወቅሁት ሁለቴ ከተቆረጠብኝ በኋላ ነው።

ሌላው ማንም የማይነግርዎ ነገር ስልክ ነው። በኢንተርኔት ሲከፍሉ ባንኩ የማረጋገጫ ቁጥር በአጭር መልእክት ይልካል። የሚልከው ደግሞ ካርዱ ላይ ወደተመዘገበው የኢትዮጵያ ቁጥርዎ ነው። ሮሚንግ ሳያስከፍቱ ከሄዱ፣ ወይም ደርሰው የዚያን አገር ሲም ካስገቡና የራስዎን ካወጡት፣ ቁጥሩ አይደርስዎትም። እኛ ለአስታማሚ የሚሆን ክፍል በኢንተርኔት ለመያዝ ስንሞክር የተመዘገበው የእህቴ ስልክ ነበር። እሷ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ስብሰባ ላይ። የቁጥሩ ጊዜ ካለፈበት በኋላ ላከችልን።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ካለዎት እውነተኛው ክሬዲት ካርድ በእሱ በኩል ሊገኝ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ በርካታ ካርዶች ከአገር ውጭ ለሚደረግ ግዢ ሦስት በመቶ ገደማ ያስከፍላሉ፤ ምንም የማያስከፍሉም አሉ። ዘመድዎ ከአብሯችሁ ሆኖ ካልከፈለ ግን ካርዱን አይዋሱ። በሌላ ሰው ስም ያለ ካርድ ይዞ ሆስፒታል መገኘት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ጥሬ ገንዘብ ማውጣትም አይመከርም፤ ወለዱ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚያው ቀን ነው።

ያን ቀን ከቀትር በኋላ የካርድ ክፍሉ ሰው ገደቡን ከፍ አደረገልኝና መያዣው ተከፈለ። አባታችን በማግስቱ ቀዶ ሕክምናቸውን አደረጉ። አሁን ምርኩዝ ይዘው ነፋስ መውጫ ገበያ ይወጣሉ። ለክትትል ስንመለስ ሁለት ካርድ ይዘን ነበር የሄድነው፤ አንዱ በእኔ ስም፣ ሌላው በእህቴ፣ ከሁለት የተለያዩ ባንኮች። የቀን ገደቡን ከመነሳታችን በፊት በደብዳቤ አስጨምረናል። የካርድ ክፍሉን ቀጥታ ስልክም በወረቀት ጽፈን ይዘናል። አባታችን ያችን ወረቀት ተቀብለው ከክታባቸው ጋር በኪሳቸው ከተቷት።